ልደትን ከቤተሰብ ርቆ በምግብ ቤት ማክበር፦ ሽር ጉዱን ማን ይሥራው?

በቤተሰብ መካከል ላደገ ሰው ልደት የሚደረግለት ነገር እንጂ ራሱ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ቀኑን የሚያስታውስ፣ ማን እንደሚጠራ የሚወስን፣ ማን ከማን አጠገብ መቀመጥ እንደሌለበት የሚያውቅ፣ ባለ ልደቱ ሲዘገይ እንግዳውን በጨዋታ ይዞ የሚያቆይ ሌላ ሰው አለ። ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ አክስት ወይም ታላቅ እህት ናት፤ ልፋቷም ከዓመት ዓመት ሳይታይ ስለሚያልፍ ድግሱ በራሱ ጊዜ የተሰናዳ ይመስላል። በሥራ፣ በትምህርት ወይም በሌላ ምክንያት ከቤት ርቆ ልደቱን በምግብ ቤት ለማክበር የሚነሣ ሰው፣ ያጣው ነገር የቤቱ ምግብ ይመስለዋል። ያጣው ግን ሽር ጉድ የምትለዋን ሰው ነው። ምግብ ቤት ያበስላል፣ ያቀርባል፣ ሳህኑን ያነሣል፤ ከተጋባዦቹ መካከል ማን ከማን ጋር እንደተቀያየመ፣ ሒሳብ ሲመጣ ማን እንደሚጨነቅ፣ ባለ ልደቱ ዓይን ሲበዛበት እንደሚያፍር ግን አያውቅም። ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ የዚያችን ሰው ሥራ ለምግብ ቤቱ፣ ለወዳጅና ለራስ የማከፋፈያ መንገድ ነው።

አንደኛ፦ ከቤቱ ልማድ የሚሄደውንና የሚቀረውን ይለዩ

ልደትዎ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሲቀረው ወረቀት ይያዙና በቤትዎ ልደት እንዴት ይከበር እንደነበር ከጠዋት እስከ ማታ በቅደም ተከተል ይጻፉ። መጀመሪያ እንኳን አደረሰህ ወይም አደረሰሽ የሚለው ማን ነበር? የሚበላው በስንት ሰዓት ነበር? ከምግብ በፊት የሚባል ነገር ነበር? ስጦታ የሚከፈተው በሰው ፊት ነው ወይስ በኋላ ለብቻ? እንዲህ ሲጽፉት አንድ የሚገርም ነገር ያስተውላሉ፤ በጣም የሚናፍቁት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ውስጥ ትንሹ ነው። አንዱ የሚናፍቀው አባቱ ቆመው የሚናገሯትን ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሌላዋ ደግሞ ታናሾቿ በራፏን የሚያንኳኩበትን ሰዓት።

ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነገር ብቻ ይምረጡና ወደ ምግብ ቤቱ ይዘው ይሂዱ። ሁሉንም ለመውሰድ መሞከር የማያዛልቅ ልፋት ነው፤ ምግብ ቤቱ የቤት ቅጂ ሆኖ ሲቀርብ ጎደሎው ጎልቶ ይታያል። የተመረጠውን ነገር ግን በእጅዎ ያድርጉት እንጂ ሌላ ሰው ሲያደርግ አይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካትሊን ቮስና ሦስት ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት፣ ከመብላት በፊት የሚደረግ ትንሽ ሥርዓት ምግቡን ይበልጥ እንዲጣፍጥ እንደሚያደርግ፣ ይህም የሚሆነው ሥርዓቱን የፈጸመው ሰው ራሱ ሲሆን እንጂ ሌላው ሲፈጽም ላየ ሰው እንዳልሆነ አሳይቷል። በሙከራቸው ላይ የዋለው ቸኮሌትን ሳይገልጡ ለሁለት መስበር፣ ግማሹን ገልጦ መብላት፣ ቀጥሎ ሌላውን ግማሽ መብላት የመሰለ ምንም ትርጉም የሌለው ድርጊት ነበር። ትርጉም የሌለው ይህን ያህል ከሠራ፣ ሃያ ዓመት አብሮዎት የኖረው ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛ፦ ለቤተሰብ በጊዜ ይንገሩ

ብዙ ኩርፊያ የሚመጣው ልደቱ በምግብ ቤት በመከበሩ ሳይሆን ቤተሰብ ነገሩን ከፎቶግራፍ በማወቁ ነው። ስለዚህ ምግብ ቤቱን ከማስያዝዎ በፊት፣ በጽሑፍ መልእክት ሳይሆን በድምፅ፣ ሽር ጉዱን ስትሠራ ለኖረችው ሰው አስቀድመው ይንገሯት። አነጋገሩ ላይ ይጠንቀቁ። «ዘንድሮ አልመጣም» ብሎ ጀምሮ ማብራሪያ መደርደር ንግግሩን የክስና የመከላከያ ያደርገዋል። «ዘንድሮ ቀኑን ከወዳጆቼ ጋር እዚህ በምግብ ቤት ላሳልፈው አስቤአለሁ፤ ከእናንተ ጋር የምነጋገርበትን ሰዓት አሁን እንቅጠር» ማለት ግን ውሳኔውንም ቀጠሮውንም በአንድ ጊዜ ያስቀምጣል።

የቀጠሮው ሰዓት ከእራቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። በእራቱ መሃል የሚደረግ የቪዲዮ ጥሪ ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። በጫጫታ ውስጥ ወዲያ ያለው አይሰማም፣ ወዲህ ያለው ይጮኻል፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ተራ በተራ ስልክ ፊት እየቀረቡ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ምግቡም ይቀዘቅዛል። በተለያየ የሰዓት ክልል ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ልዩነቱን በቃል አይገምቱ፤ አንዳንድ አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ስለሚያዛውሩ ባለፈው ወር ሰባት ሰዓት የነበረው ልዩነት ዛሬ ስምንት ሊሆን ይችላል።

ለቤተሰብዎ ከሩቅ ሊሠሩት የሚችሉት አንድ እውነተኛ ሥራም ይስጧቸው። በእራቱ ላይ የሚነበብ አጭር የመልካም ምኞት ቃል ማጻፍ ወይም እህት ከምግብ ቤቱ ዝርዝር ውስጥ አንዱን እንድትመርጥልዎ መጠየቅ ይበቃል። የሚያስቀይማቸው ቦታ የሌላቸው መሆኑ ነውና።

ሦስተኛ፦ የሰውን ቁጥር በጠረጴዛው ልክ ይወስኑ

በቤት ውስጥ እንግዳ እየተነሣ ይንቀሳቀሳል፤ በምግብ ቤት ግን የተቀመጠበት ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ በነፃነት የሚደረግ ጨዋታ አራት ያህል ሰው ብቻ ይይዛል፤ አምስተኛ ሰው ሲጨመር ጨዋታው ለሁለት ይከፈላል። ይህ ለባለ ልደት ትልቅ ቁም ነገር አለው። በአራት ሰው ጠረጴዛ ላይ ሁሉም አንድ ወሬ ያወራል፤ ከስድስት እስከ ስምንት በሚሆን ሰው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወሬ ይኖራል፣ ባለ ልደቱም መሃል ላይ ከተቀመጠ ከሁለቱም አይርቅም፤ አሥራ ሁለት ሰው በረጅም ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር ግን ከዳር የተቀመጡት ባለ ልደቱን ሳያነጋግሩ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ብዙ ሰው መጥራት የግድ ከሆነ ጠረጴዛው ለሁለት ይከፈልና ባለ ልደቱ ዋናው ምግብ ካለቀ በኋላ ቦታ ይቀይር።

የሥራ ባልደረባን፣ የትምህርት ቤት ጓደኛንና ጎረቤትን አንድ ላይ ሲጠሩ እያንዳንዱ ሰው ከእርስዎ ሌላ ቢያንስ አንድ የሚያውቀው ሰው እንዲኖረው ያድርጉ። ግብዣው አሥር ቀን ያህል ሲቀረው ይድረሳቸው፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስለ ሒሳቡ የተወሰነውንና መልስ የሚጠበቅበትን የመጨረሻ ቀን አንድ ላይ ይያዝ። «እንገናኝ እስቲ» የሚል ግብዣ «እስቲ አያለሁ» የሚል መልስ ይወልዳል።

ብቻዎን ማክበር ከፈለጉም ቁጥሩ አንድ ነው፤ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ አከባበር ነው። ለአንድ ሰው ሲያስይዙ ሰዓቱን ከዋናው ግፊያ ቀደም ያድርጉት፣ ግድግዳ ወይም መስኮት ዳር ያለ ቦታ ይጠይቁ፣ ልደትዎ መሆኑን ለመናገርም ላለመናገርም አስቀድመው ይወስኑ። ያልተናገረ ሰው በኋላ ማንም አላወቀልኝም ብሎ ምግብ ቤቱን ሊወቅስ አይችልም።

አራተኛ፦ ቦታውን በዚያው ሰዓት ሄደው ይዩት

በፎቶግራፍ የሚታየው ባዶ አዳራሽ ነው። የመረጡትን ምግብ ቤት፣ ቢቻል በዚያው የሳምንቱ ቀንና በዚያው ሰዓት፣ አንድ ሳምንት ቀድመው ሄደው ቀለል ያለ ነገር አዘው ይቀመጡ። ዋናው የሚፈተሸው ድምፅ ነው። በጫጫታ ውስጥ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ በፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ ስም የሚጠራ የታወቀ ክስተት ነው። አንዱ ጠረጴዛ ሲጮኽ ሌላውም ስለሚጮኽ የአዳራሹ ድምፅ ራሱን በራሱ እያሳደገ ይሄዳል፤ ወለሉ፣ ግድግዳውና ጣሪያው ጠጣር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አዛውንት ወይም የመስማት ችግር ያለበት ሰው ከጠሩ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ለስላሳ መቀመጫ ያለውን ቤት ይምረጡ።

ቀጥሎ መግቢያው ላይ ደረጃ መኖሩን፣ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነና ማታ መመለሻ ትራንስፖርት መገኘቱን ይመልከቱ። ምግቡ? ምግቡ ጥሩ ከሆነ በቂ ነው። ከምግብ ቤቶች ሁሉ ምርጡን ፍለጋ ሳምንታት የሚያጠፋ ሰው አይቻለሁ፤ በመጨረሻ ያገኘው ሰው የማይሰማማበት ዝነኛ አዳራሽ ነበር።

አምስተኛ፦ ሲያስይዙ ሁሉንም ይጠይቁ

ስልክ የሚደወለው ምግብ ቤቱ በሚረጋጋበት፣ በምሳና በእራት መካከል ባለው ሰዓት ነው፤ በግፊያ ሰዓት የደወለ ሰው የሚያገኘው «እሺ፣ እሺ» ብቻ ነው። ስም፣ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ከተናገሩ በኋላ የሚከተሉትን ሳያፍሩ ይጠይቁ፦ ቀብድ ያስፈልጋል ወይ፣ ከቀረ ይመለሳል ወይ፣ እስከ መቼ መሰረዝ ይቻላል፤ ጠረጴዛው ለስንት ሰዓት የእኛ ነው፤ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ለሆነ ቡድን አስቀድሞ የተወሰነ ምግብ ማዘዝ ግዴታ ነው ወይ፤ የአገልግሎት ክፍያ በሒሳቡ ውስጥ ይካተታል ወይ፤ ኬክ ከውጭ ማምጣት ይፈቀዳል ወይ፣ ከተፈቀደስ ለመቁረጫና ለሳህን ያስከፍላሉ ወይ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው ሒሳቡ ሲመጣ ብቻ የሚያውቀው ክፍያ ነው።

ቀኑን ሲናገሩ የሳምንቱን ቀንና የወሩን ቀን አንድ ላይ ይናገሩ። እኔ አንድ ዓመት «የሚቀጥለው ዓርብ» ብዬ አስይዤ፣ ምግብ ቤቱ ከዚያ በኋላ ያለውን ዓርብ መዝግቦት፣ ሰባት ሰው በር ላይ አቁሜ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ይሁን የእነሱ እስካሁን አልተለየም። ከዚያ ወዲህ የተስማማንበትን በጽሑፍ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ልደቱ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ ደውዬ አረጋግጣለሁ።

ስድስተኛ፦ የማይበላውን ይወቁ

እናትየዋ የትኛው እንግዳ ምን እንደማይበላ በቃሏ ታውቃለች፤ ወጥ ቤቱ ግን ካልተነገረው አያውቅም። ከተጋባዦች ስለ አለርጂ፣ ስለ ጾምና ስለ ሕመም ግብዣው ላይ ጠይቀው፣ መልሱን ሲያስይዙ አንድ ጊዜ፣ ሲያዝዙ ደግሞ ሌላ ጊዜ ያስታውቁ። «አይወድም» እና «ይታመማል» የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ለወጥ ቤቱ በግልጽ ይለያዩለት። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ምግብ ቤቶች ስለ 14 ዓይነት አለርጂ አምጪ ምግቦች መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ በእነዚህ ውስጥ ኦቾሎኒ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሰሊጥና እንደ ስንዴ ያሉ ግሉቲን ያለባቸው እህሎች ይገኛሉ። እንዲህ ዓይነት ሕግ በሌለበት አገር ዝርዝሩ እንደ መጠየቂያ ሊያገለግል ይችላል። ከባድ አለርጂ ላለበት ሰው «ያንን ከላዩ አንሥተንለታል» የሚል መልስ አይበቃም፤ ጥያቄው መጥበሻው፣ ዘይቱና ቢላው የተለየ ነው ወይ የሚል ነው።

ሰባተኛ፦ ሒሳቡን ከምግቡ በፊት ይጨርሱ

በቤት ድግስ ሒሳብ የለም፤ በምግብ ቤት ልደት ግን ከቅሬታዎች ሁሉ ትልቁ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ሦስት መንገዶች አሉ፦ ባለ ልደቱ ሁሉንም ይጋብዛል፣ እያንዳንዱ የራሱን ይከፍላል፣ ወይም ሒሳቡ እኩል ይካፈላል። ሦስቱም ነውር የለባቸውም፤ ነውሩ ሳይነገር መቅረቱ ነው። «ልደቴን ላክብር ነውና ኑልኝ» የተባለ ሰው ተጋበዝኩ ብሎ ኪሱን ባዶ አድርጎ ሊመጣ ይችላል፣ ቢመጣም አይፈረድበትም።

እኩል መካፈል ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ከሦስቱ በጣም የምፈራው እሱን ነው። ዩሪ ግኒዚና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ሙከራ፣ ሰዎች ሒሳቡ እኩል እንደሚካፈል ሲያውቁ እያንዳንዱ የራሱን ከሚከፍልበት ጊዜ ይልቅ ብዙ እንደሚያዝዙ፣ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ የራሳቸውን ብቻ መክፈል እንደሚመርጡ አሳይቷል። ሾርባ ብቻ የጠጣው ሰው ለሌላው ሥጋና መጠጥ ሲከፍል አፉን ባይከፍትም ልቡ ይቆጥራል። የገንዘብ አቅማችሁ የተራራቀ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሞክሩት።

እርስዎ የሚጋብዙ ከሆነ አስቀድመው የተወሰነ የምግብ ዝርዝር ከምግብ ቤቱ ጋር ይስማሙ፤ ከመጠጡ ውስጥ የቱ በእርስዎ ሒሳብ እንደሚሆንና የቱ እንደማይሆን ይወስኑ፤ ገንዘቡን ወይም ካርዱን እንግዳ ሳይመጣ ለአስተናጋጁ ይስጡና ደረሰኙ ጠረጴዛው ላይ እንዳይመጣ ይንገሯቸው። ከጠረጴዛ ዙሪያ «እኔ ልክፈል፣ የለም እኔ» የሚል ትግል የሚነሣው ደረሰኙ ሲታይ ነው። እያንዳንዱ ለራሱ የሚከፍል ከሆነ ይህንኑ በግብዣው ላይ ይጻፉ፤ አስተናጋጁም ትእዛዙን ከመቀበሉ በፊት ይወቅ፤ ከምግቡ በኋላ ሒሳብን ለስምንት መክፈል ለእሱም ለእናንተም ጣጣ ነው። ጉርሻውን ከሒሳቡ ለይተው ያስቡ፤ የአገልግሎት ክፍያ ተካትቶ እንደሆነ ደረሰኙን ያንብቡ።

ስምንተኛ፦ ኬክ፣ ሻማና ዘፈን

ኬኩ አስቀድሞ ይድረስ፤ ክሬም ያለበት ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ይኑረው፤ ሻማና ክብሪት አብሮ ይላክ፤ የሚመጣበትን ምልክት ከአስተናጋጁ ጋር የሚለዋወጥ ሰው ይሰየም። በዕድሜ ልክ ሻማ ማብራት አዲስ ፈሊጥ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1746 ለጀርመናዊው ባላባት ለሲንዘንዶርፍ ልደት እንደ ዕድሜው ቁጥር ሻማ የተበራበት ኬክ እንደነበር ተጽፏል። ሻማን እፍ ብሎ ማጥፋት የሚያሳስበው ሰው ካለ ሳይንሱም ይደግፈዋል፤ በአሜሪካው ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ሻማ ሲነፋ በኬኩ ገጽ ላይ ያለው ባክቴሪያ በአማካይ 1,400 በመቶ እንደሚጨምር አግኝቷል። አጥኚዎቹ ለጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው ቢሉም፣ ከእንግዶቹ አንዱ በሕክምና ምክንያት በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ከሆነ ሻማውን በተለየ ትንሽ ቁራሽ ላይ መትከል መፍትሔ ነው።

ዘፈኑን በሚመለከት የሚያስፈልገው አንድ ግልጽ ቃል ነው። አንዳንድ ምግብ ቤቶች ባለ ልደት መኖሩን ሲሰሙ ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው እያጨበጨቡ ይመጣሉ። (በአሜሪካ ብዙዎቹ ለራሳቸው የተለየ የልደት ዘፈን የፈጠሩት፣ በዓለም ዙሪያ የታወቀው «ሃፒ በርዝደይ» የተሰኘው ዘፈን የባለቤትነት ክፍያ ሲጠየቅበት ስለኖረ ነው፤ ጥያቄው በፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር።) ይህ የሚያስደስተው ሰው አለ፤ ከጠረጴዛ ሥር መግባት የሚያሰኘውም አለ። ሁለተኛው ዓይነት ከሆኑ ሲያስይዙ «ዘፈን አንፈልግም» ይበሉ፤ ወዳጆችዎም ከጀርባዎ እንዳያዝዙ ያስጠንቅቁ።

ዘጠነኛ፦ በዕለቱ ኃላፊነቱን ያስረክቡ

ከሁሉም በላይ ባለ ልደቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አስይዘው፣ ጠርተው፣ ከፍለው ሲያበቁ እዚያም ተቀምጠው አስተናጋጅ ይጠራሉ፣ የዘገየውን በስልክ ያፈላልጋሉ፣ የጎደለ ወንበር ይቆጥራሉ። አንድ ጓደኛዎን ቀደም ብለው ይለምኑና ከምሽቱ መጀመሪያ አንሥቶ የሽር ጉዱ ባለቤት እሱ ወይም እሷ ትሁን። የምግብ ቤቱ ስልክ፣ የአለርጂው ዝርዝር፣ የኬኩ ሰዓትና የሒሳቡ ስምምነት በዚህ ሰው እጅ ይግባ። በዚህ ሥራ ላይ የሚሰየመው ብዙ የሚያወራው ጓደኛ ሳይሆን ዓይኑ የማያርፈው ነው።

እርስዎ ከእንግዶቹ ሩብ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፣ የሚቀመጡበትን ይምረጡ፣ ከዚያ በኋላ አይነሡ። በመጀመሪያው ደረጃ የመረጡትን የቤትዎን ነገር፣ ቃልም ይሁን ድርጊት፣ ምግቡ ቀርቦ እጅ ሳይዘረጋ ያድርጉት፤ ከኬክ በኋላ ሰው መነሣት ስለሚጀምር ይባክናል። ከየት እንደመጣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዱ እንጂ ንግግር አያድርጉት።

አሥረኛ፦ ከእራቱ በኋላ

የተረፈ ምግብ ካለ ያስጠቅልሉ፤ ሆኖም ከምድጃ ከወጣ ከሁለት ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ የቆየውን አይውሰዱ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ቦታ ደግሞ ገደቡ አንድ ሰዓት ነው። ቤት እንደደረሱ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡትና ከሦስት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ በደንብ አሙቀው ይብሉት። ሽር ጉዱን ለተሸከመው ጓደኛ በማግስቱ ለብቻው ያመስግኑ።

ፎቶግራፎቹን ለሰው ሁሉ ከማውጣትዎ በፊት ወደ ቤትዎ ይላኩ፤ ከዚያ ይደውሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ማን መጣ፣ ምን ተሰጠህ የሚል አይሆንም፤ «ምን በላህ?» ወይም «ምን በላሽ?» የሚል ነው፤ «ጥሩ ነበር» የሚል መልስም አይቀበሉዎትም። ስለዚህ የምግቦቹን ስም ማታውኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ እህትዎ የመረጠችልዎንም በመጀመሪያ ያንሡ።